ሬሳ ሣጥን ሠሪው ፍል ውሃ ሲገባ

ሰውየው የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበር። ሰፈርተኛው ፊት ለፊት «አናጢው» ይለዋል፤ ዘወር ሲል ደግሞ «ሜትሩ»። ሜትሩ ያሰኘው ዓይኑ ነው። ሲያናግሩት ዓይኑ ከአናት ይነሣና ትከሻን አዳርሶ፣ ቁልቁል ወርዶ ጫማ ጫፍ ላይ ያርፋል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሥራ ልማድ ነው። ጫማ ሰፊም ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው፤ የጥርስ ሐኪምም ሲስቁለት ጥርስ ይቆጥራል። ልዩነቱ፣ ጫማ ሰፊ እግሬን አየብኝ ብሎ ቤቱ ገብቶ የሚናዘዝ ሰው የለም።

ሲጀምር እንዲህ ሊሆን አላሰበም። በወጣትነቱ የሚሠራው ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥንና የሕፃን አልጋ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ፊት እንደቆመ ክልትው አለ። ዳቦ ጋጋሪው የራሱን ዳቦ የማይንቅ ሰው ስለነበር፣ በከተማው ካሉት ዝግጁ ሣጥኖች አንዱም አልበቃው አለ። ዘመዶቹ አናጢው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሱም አንጀቱ አልችል ብሎት ለአንዲት ሙሽራ ሊያስረክብ የነበረውን ቁም ሣጥን ፈታና ያንኑ ዕለት ሬሳ ሣጥን አደረገው። ቀብሩ ላይ ሰው ሟቹን ረስቶ ሣጥኑን ሲያደንቅ ዋለ። ጉድ ያደረገው ያ አድናቆት ነው። በሳምንቱ ሌላ ሟች መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። የሕፃን አልጋ የሚያዝዝ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ደጁ ድርሽ አላለም። ሙሽራዋም ሌላ ቁም ሣጥን ቢሠራላት፣ «በሩን በከፈትኩ ቁጥር ሰው የሚወድቅብኝ ይመስለኛል» ብላ መለሰችለት።

ትዳርም በዚሁ ሰበብ አመለጠው። አንዲት አስተማሪ ወዳው ነበር፤ እጇን ሲይዛት ደስ ይላታል፣ ትከሻዋን ሲያቅፋት ግን ሰውነቷ ድርቅ ይላል። አንድ ቀን አላስቻላትም፤ «እየለካኸኝ ነው አይደል?» አለችው። ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን እውነትም እየለካት ነበር።

ቋንቋውም ቢሆን አላገዘው። ሰው «በሞቴ» ሳይል አይጋብዝም፣ «ልሙት» ሳይል አይምልም፣ «አፈር ስሆን» ሳይል አይለምንም። እሱ ያለበት ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ቃሉን ግማሽ ላይ ይውጠዋል። ጋባዡ «በሞ...» ይልና ደንግጦ «በጤናዬ ይቺን ጨምር» ይለዋል። እሱ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ለምዷል። እንደ ልቧ የምታናግረው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። እሷ ጸጉር ሠሪ ነች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዛ ስለምትውል ማንንም አትፈራም።

አንድ ጠዋት ወለል ላይ የወደቀ ምስማር ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ጀርባው እንደዛገ ማጠፊያ ቀጥ ብሎ ያዘው። ዘመኑን ሁሉ ሣጥን ሲያነሣና ሲያወርድ ኖሯል፤ ባዶውንም ሙሉውንም። እህቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ አፍንጫው መጋዙን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እንደታጠፈ አገኘችው።

«እንዲህ ሆነህ እስከ መቼ ነው የምትቆየው?»

«ምሳው እስኪቀርብ።»

ሐኪሙ በእንክብልም በመርፌም ሞከረው። በመጨረሻ ሲታክተው «ፍል ውሃ ግባ» አለና ገላገለው። ከከተማው ዳር፣ የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ጋ፣ ከምድር ሥር በሚፈላ ምንጭ የሚሞላ ሐይቅ አለ፤ ክረምት ከበጋ ሰው ይዋኝበታል። የእህቱ ደንበኞች ሁሉ እዚያ ናቸው። እሱ ግን ሰው በቁምጣ የሚታይበት ቦታ አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ።

«አፈር ስሆን ሂድልኝ!» አለችው።

«መቼ ነው አፈር የምትሆኚው? ሁሌ ትያለሽ፣ ጣውላው ግን ሊያልቅ ነው።»

«እንግዲያ ሳያልቅ ጀርባህን ታከምና ሥራልኝ!» አለችና ሰኞ ዕለት አንገቱን ይዛ አውቶቡስ ላይ ጫነችው።

ከአውቶቡስ ወርደው በዛፎቹ መሃል ሲያልፉ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ተቀበላቸው። እሱ እህቱን ጠረጠረ፤ እህቱም እሱን። ለትንሽ ጊዜ በክብር ዝም ተባብለው ሄዱ። ሐይቁ ሲገለጥ ነው ሁለቱም ነፃ የወጡት፤ ሽታው ከውሃው ነበር። እንፋሎቱ ከላዩ እየተነሣ ይጨሳል፤ ቅጠለ ሰፋፊ የውሃ አበቦች ዳር ዳሩን ይዘዋል። መሃሉ ላይ አሮጌ የእንጨት ቤት በምሰሶ ቆሞ፣ ረጅም የእንጨት ድልድይ ወደ እሱ ይወስዳል። ሜትሩ ድልድዩን ሲያቋርጥ ውሃውን አላየም፤ ጣውላውን እየረገጠ «ይሄን የገጠመው ሰው እጁ ይባረክ» ይል ነበር።

ቁምጣው ከእህቱ ባል የተዋሰው ነው። የእህቱ ባል ሰፊ ሰው ነው፤ ቁምጣው ደግሞ አበባ አበባ ያለበት። ወገቡ ላይ አልቆምለት ሲል ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ እንደ ጭነት ጠፈረው። እንዲህ ሆኖ ከልብስ መቀየሪያው ሲወጣ፣ ደረጃው አፍ ላይ የጎማ ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። የውሃው ጠባቂ ናት፤ ሁሉም «ባለፊሽካዋ» ይሏታል። ዕድሜዋ የእሱ እኩያ ነው፤ አፏ ግን የማንም እኩያ አይደለም።

«አንተ ባለአበባው! ቀስ ብለህ ውረድ። ድስት ውስጥ እንደሚገባ ድንች ዘለህ እንዳትገባ!»

«እሺ እመቤቴ፣ እርስዎ እንዳሉ...»

«ምን? ቁምጣ ለብሶ እርስዎ የሚባባል ሰው እዚህ የለም። አንቺ በለኝና ግባ።»

ገባ። ውሃው ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያ ያንን የተረገመ ጀርባውን ሲይዘው ከአፉ አንድ ድምፅ ወጣ። እህቱ ኋላ ለደንበኞቿ እንደተረከችው፣ ድምፁ ላም ስትወልድ የምታወጣው ዓይነት ነበር። ዋና አያውቅም፤ የደረጃውን ብረት ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አቀና።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሐይቁ ላይ ሰው ሁሉ በጎማ ቀለበት ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ይንሳፈፋል። ለሌላ ሰው ይህ መዝናኛ ነው። ለእሱ ሥራ ቦታው ነው። ዓይኑ ያለ ፈቃዱ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞር ጀመረ፤ ያቺ ቀጭን፣ ያ ባለትከሻ፣ ያኛው ደግሞ ጣውላው ወፈር፣ እጀታው ጠንከር ይበል። በመሃል አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ ከሜትሩ ዓይን ጋር ግጥም አለ። አወቀው፤ የአማቱን ሣጥን ያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጁ ውሃውን እየቀዘፈ እግሬ አውጭኝ አለ። ወሬው ከቀለበት ወደ ቀለበት ተዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ በደረጃው ዙሪያ ያለው ውሃ ኦና ሆነ፤ ሜትሩ ብቻውን ከነአበባው ቀረ።

ባለፊሽካዋ ከላይ ሆና ይህን ታያለች። «አንተ፣ ምን አድርገሃቸው ነው? ውሃ ውስጥ ሽንትህን ለቀቅህ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«አይዞህ፣ አብዛኞቹ ያደርጉታል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«አናጢ ነኝ።»

«ምን ምን ትሠራለህ?»

ሜትሩ አሰበ። መዋሸት አልወደደም፤ እውነቱን መናገርም ሰለቸው። «ሰው የሚተኛበት ነገር።»

«ደንበኞችህ ምቾቱን ይወዱታል?»

«ጎኔን ቆረቆረኝ ያለኝ የለም።»

«ጎበዝ!» አለችና በሌላኛው በኩል እየተላፉ ውሃ ወደሚረጩ ጎረምሶች ፊሽካዋን እየነፋች ሄደች። ሜትሩ እስክትመለስ ጠበቃት። ለምን እንደጠበቃት አልገባውም።

ከዚያ በኋላ እህቱ መጎተት አላስፈለጋትም። ሰኞ በመጣ ቁጥር መላጊያውን ሰቅሎ፣ ሲባጎውን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ጀርባው ቀና እያለ መጣ። ሲባጎው ግን እንደነበረ ነበር፤ ሌላ ቁምጣ ቢገዛ ባለፊሽካዋ ምን ብላ ትጠራዋለች? እሷም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እየተቆጣች ታዋራዋለች። ባሏ አንዲት የጥርስ ሐኪም ተከትሎ እንደሄደ፣ ከጥርሱ በስተቀር የሚቆጭ ነገር እንደሌለው ነገረችው። እሱ የሳቀው ሳቅ ራሱን አስደነገጠው፤ ሥራ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ መሳቅ ነውር ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ በአፍንጫው ነበር የሚስቀው።

ሰኞ ሰኞ የሚመጡ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ሲገቡ ሐይቁ ከፍ ይላል ይባላል። ውሃው ትኩስ ስለሆነ ብዙ መቆየት ልብ ያደክማል፤ ባለፊሽካዋም በየጊዜው እየነፋች ሰዉን ታስወጣለች። ዳኛው ግን ንቅንቅ አይሉም። «ዕድሜዬን ሙሉ ስፈርድ የኖርኩ ሰው በፊሽካ አልታዘዝም» ይላሉ። «እንግዲያ ይቀቀሉ!» ትላቸዋለች። በአንቱታ የምትሰድበው እሳቸውን ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀለበት ተጣልተው ባለፊሽካዋ ልትገላግል ወደ ማዶ ሄደች። ሜትሩ እንደ ልማዱ ብረቱን ይዞ ሰው ያያል። ዓይኑ ዳኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ሁሉ የተኙ መስሎታል፤ እሳቸውም የሚያንኮራፉ ይመስላሉ። ነገር ግን አገጫቸው አንድ ዓይነት አወዳደቅ ወድቋል፤ ከንፈራቸውም ቀለሙን ለውጧል። እንዲህ ያለ አገጭ ሜትሩ ከማንም በላይ ያውቃል፤ እስከዛሬ ግን የሚያገኘው ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነበር።

«ዳኛውን!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሰማም፤ ሴቶቹ ይንጫጫሉ። ያን ጊዜ ብረቱን ለቀቀ። ዋና እንደማይችል ትዝ ያለው ከለቀቀ በኋላ ነው። ውሃ ዋጠ፣ ተፋ፣ እንደገና ዋጠ፤ እግሩ መሬት ፈልጎ አጣ። እንደምንም እየተንደፋደፈ የዳኛውን ቀለበት ጨበጠና እሱን ሙጥኝ ብሎ በእግሩ እየረገጠ ወደ ደረጃው ገፋ። ቁምጣው ይህን ሁሉ አልቻለም፤ ሲባጎው ተበጥሶ አበባዎቹ ወደ ጉልበቱ ወረዱ። ባለፊሽካዋ ይህን ጉድ ስታይ ከነቦት ጫማዋ ዘልላ ገባች። ሁለቱ ሆነው፣ አንዱ ብብታቸውን አንዱ እግራቸውን ይዘው፣ ዳኛውን ጣውላው ላይ አወጧቸው። እሷ ቀዝቃዛ ውሃ አናታቸው ላይ ደፋች፤ እሱ በአንድ እጁ ቁምጣውን በሌላው የዳኛውን እግር ሽቅብ ያዘ።

ዳኛው ነፍሳቸው መለስ አለች። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት የሬሳ ሣጥን ሠሪውን ነው፤ ዓይኑ ከግንባራቸው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ እግራቸው ሲወርድ።

«አልሞትኩም!» ብለው ጮኹ። «ይግባኝ! ይግባኝ እላለሁ!»

ሐይቁ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ግን ደንግጠው ስለነበር አልሳቁም። ጣታቸውን ቀስረው «ይሄ ሣጥን ሠሪ ነው! ሥራ ሲያጣ ሊያሰምጠኝ ነው!» አሉ። ሳቁ ቆመ። አንዱ «እውነትም እሱ ነው» አለ፤ ሌላዋ «እኔማ ከመጀመሪያውም ቀፍፎኛል» አለች። ባለፊሽካዋ ዞር ብላ ሜትሩን አየችው። ምን ልትል እንደነበረ ሳይጠብቅ፣ ቁምጣውን እንደጨበጠ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ። ከኋላው ዳኛውን ስትጮህባቸው ሰምቷል፤ ምን እንደምትል ግን አልለየም። አውቶቡሱ ላይ ሱሪው ርሶ ወንበሩን አረጠበው፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ተነሥታ ቆመች። ዛሬስ ምክንያት አላት ብሎ አሰበ።

የሚቀጥለው ሰኞ አልሄደም፤ የሚቀጥለውም። እህቱ ጠየቀችው፤ «ሥራ በዛብኝ፣ ሰው እየሞተ ነው» አላት። ጀርባው መልሶ ያዘው። መልሶም ጎንበስ ብሎ መዋል ጀመረ፤ በአፍንጫውም መሳቅ ተወ።

አንድ ቀን ሣጥን እያለሰለሰ ሳለ በሩ ላይ «ባለአበባው!» የሚል ድምፅ ሰማ። ባለፊሽካዋ ናት፤ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊሽካዋም የለም። ያለ ፊሽካ ራቁቷን የመጣች ያህል ዓይኑን ሰበረ።

«ሰው የሚተኛበት ነገር ነው ያልከኝ አይደል?» አለች ዙሪያዋን እያየች። «አልዋሸህም። ይሄ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሳቲን፤ ከሥሩ ስፖንጅ አለው።»

«ስፖንጅ ለምን?»

«እንጃ። ደረቅ እንጨት ላይ ማስተኛት አያስችለኝም።»

ስፖንጁን በጣቷ ጫን አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና፣ ሳይቀድማት፣ አንዱን ሣጥን ወጥታ ገባችበት። ተንጋለለች።

«ውጪ! ኧረ ውጪ! ነውር ነው! ጥሩ አይደለም!» ሜትሩ እጁን እያወናጨፈ በሣጥኑ ዙሪያ ዞረ። ያን ያህል ዘመን ከሞት ጋር ሲሠራ ኖሮ፣ እንዲህ የፈራበት ቀን አልነበረም።

«ምኑ ነው ነውሩ? አልጋዬ ከዚህ ይብሳል። ትከሻዬን ግን ይዞኛል። እንደ እኔ ላለው ሰፋ አድርገህ አትሠራም?»

በዚህ መሃል እህቱ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ገባች። ወንድሟን ሣጥን ተደግፎ ላብ አጥምቆት ስታይ፣ «ማን ሞቶ ነው እንዲህ የሆንከው?» አለችና ዕቃውን ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ልታሳርፍ ተጠጋች።

«ማንም አልሞተም፤ እየሞከርኩት ነው» አለ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ድምፅ።

እህቱ ዕቃውን ወደ ጣራ ወረወረችው። ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጎሚስታ ከመኪና ሥር አስወጣው። ጥግ ድረስ ሮጣ ከሄደች በኋላ፣ የሸሸችው ወንድሟን ትታ መሆኑ ትዝ ብሏት ተመለሰች። ስትመለስ ሁለቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ የፈሰሰው ምሳ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ፣ እያነቡ ይስቃሉ። ወንድሟ በአፉ ይስቅ ነበር። ያኔ ነው ልትቆጣ የከፈተችውን አፍ የዘጋችው።

«ሰኞ ትመጣለህ» አለችው ባለፊሽካዋ ጫማዋን እያጠለቀች። «ጠየቅሁህ አላልኩም፣ ትመጣለህ ነው ያልኩህ።»

ሄደ። ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። ዳኛው በቀለበታቸው ላይ ሆነው ቀርበው ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሕይወቴን እንዳተረፍክ ተነግሮኛል። ማስረጃውን መረመርኩ፤ አጥጋቢ ነው።»

«ምንም አይደል፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ... ያን ዕለት ስታየኝ... ልኬ እንዴት ነው?»

«እርስዎን የሚችል ዛፍ ገና አልበቀለም፣ ጌታዬ።»

ዳኛው እንዲህ ያለ ውዳሴ በችሎት ዘመናቸውም አልሰሙም። ደረታቸውን ነፍተው እየተንሳፈፉ ሄዱ፤ ያን ዕለት ፊሽካ ሲነፋም መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው።

ባለፊሽካዋ ሥራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ ውሃ ውስጥ ገባች። «በጀርባህ ተኛ» አለችው፤ መዳፏን ከማጅራቱ ሥር አስገብታ። ተኛ። እጁ ግን የገዛ ልማዱን ይዞ ደረቱ ላይ ተጣመረ። በጥፊ መታችው። «እጅህን ዘርጋ፣ አንተ! ገና ነህ!» ዘረጋ። ጆሮው ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሥር፣ ከሐይቁ ሆድ፣ የሚንተከተከውን ሰማ። መዳፏ መቼ እንደተነሣ አላወቀም።

ጥቂት ወራት ቆይተው አብረው መኖር ጀመሩ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ ሣጥን እንዳይቀመጥ። እሱም ከስንት ዘመን በኋላ አልጋ ሊሠራ ተነሣ። ልቡን አፍስሶ ሠራው፤ አለዘበው፣ ቫርኒሽ ቀባው። ተጠናቆ ሲገባ ግን እጁ ሳያማክረው በግራና በቀኙ የነሐስ እጀታ ገጥሞለት ኖሯል። ሊነቅለው መፍቻ ሲያነሣ አስጣለችው። «ተወው። ቤት ስንቀይር ለተሸካሚ ይመቻል።»

ሰው አሁንም ሞቱን አላቆመም፤ ሜትሩም ሣጥኑን ይሠራል። ሰኞ ሲሆን ግን ሥራ ቤቱ ዝግ ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ሐይቁ ያምራል፤ ከላይ ቀዝቃዛው ይወርዳል፣ ከታች ትኩሱ ይነሣል፣ እንፋሎቱ ሰዉን ይሸፍነዋል። እሱ አሁን ያለ ብረትም ያለ ቀለበትም ይንሳፈፋል፤ ዋና ግን እስካሁን አይችልም፣ ሊማርም ፈቃዱ የለውም። ባለፊሽካዋ ደረጃው ላይ ሆና ጉንጯ እስኪነፋ ትነፋለታለች። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ አይወጣም። «ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ነው፣ አልሰማሁም» ይላታል ማታ። እሷም አታምነውም።